እናቱ ማን ብላ ነው የምትጠራው?

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሊሆነኝ ነው። የመጀመሪያው ለውጥ የታየው ጣቴ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የቀኝ እጄን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጥቁር ቀለም ተለይቷቸው አያውቅም ነበር። ባለቤቴ ሶፊያ ምሳ ስታቀርብ "እጅህን ታጠብ" ትላለች፤ እኔ "ታጥቤያለሁ" እላለሁ፤ እሷም "ለሙታኑ ነው የታጠብከው ወይስ ለእኔ?" ትለኛለች። አሁን ጣቴ ጠርቷል። እሷ ደስ ብሏታል። እኔ ግን አንዳንድ ጠዋት ሳየው የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል።

ሥራዬ ሞት ማስመዝገብ ነበር። ጆሃንስበርግ ውስጥ በአንድ የቀብር አስፈጻሚ ቤት፣ ከአስከሬን ማጠቢያው ቀጥሎ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀምጬ፣ የሞተ ሰው በሕግም ፊት እንዲሞት አደርጋለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። "ሰው ከሞተ ሞተ ነው፤ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?" ይለኛል። ነገሩ እንዲያ ቀላል ቢሆን ኖሮ እኔም ልጆቼን በዚህ ሥራ ባላሳደግኩ።

የዚህ አገር ሕግ ሲታይ ረጅም ነው፣ ሲጨመቅ ግን አጭር ነው። ሰው ሲሞት ሐኪም የሞት ማስታወቂያ ቅጽ ይሞላል። አሟሟቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ፖሊስ ይገባበታል፣ አስከሬኑም ይመረመራል። ሟቹን የሚያውቅ ሰው ቀርቦ ማንነቱን ይናገራል፣ ይፈርማል። የሟቹ የግራ እጅ ሌባ ጣት አሻራ ይነሳል። ይህ ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ ቀርቦ የቀብር ፈቃድ ካልወጣ አፈር ማልበስ አይቻልም። እኔ በመንግሥት የሥራ ቁጥር የተሰጠኝ ጸሐፊ ስለነበርኩ ያን ቅጽ ተቀብዬ ሆም አፌይርስ በሚባለው የመዝገብ መሥሪያ ቤት አስመዘግብና ፈቃዱን አወጣ ነበር።

ከዚህ በፊት ቡታጅራ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። ያኔ በእኛ ዘንድ ሞትን የሚመዘግበው ዕድር ነው፤ እሱም ቢሆን የሚመዘግበው ለቀብር ያልመጣውን ለመቅጣት ነበር። ደቡብ አፍሪካ ስገባ እንደ አገሬ ልጅ ሁሉ ሶዌቶ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፈትኩ። ዱቄት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ ሸጥኩ። ለንግድ አልተፈጠርኩም፤ የሚስቅልኝን ሁሉ በዱቤ እሰጥ ነበር። ሱቁ ከስሮ ሲዘጋ የአገር ልጆች ወደ ቀብር አስፈጻሚው ቤት ባለቤት፣ ወደ ሐጂ ወሰዱኝ። ሐጂ ቅድመ አያቱ ከሕንድ በመርከብ የመጡ ሰው ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ትዕግሥቱ ትንሽ። "ጀናዛ ታጥባለህ?" አለኝ። "አጥባለሁ" አልኩ። ሁለት ዓመት አጠብኩ። ከዚያ አንድ ቀን የጽሕፈቴን ውበት ዓይቶ ወደ ቢሮ አስገባኝና ማ ቶኮ አጠገብ አስቀመጠኝ። ደመወዙን አላወራም፤ የቤት ኪራይና የልጆቹን ጫማ ችሏል።

ማ ቶኮ የሶዌቶ ሴት ናት፤ ክርስቲያን፣ ወፍራም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል። የሐጂ ቤት ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ይቀብራል፤ እሷም ሁለቱንም እኩል ትቆጣ ነበር። ቅጽ ከመንካቷ በፊት እጇን ትታጠባለች። ሌላው ሰው አስከሬን ከነካ በኋላ ነው የሚታጠበው፤ እሷ በፊትም ትታጠብ ነበር። የሟቹን ፊት ሳታይ አትፈርምም። አሻራ ስታነሳ ደግሞ ሥራውን ሁሉ አቁሜ አያት ነበር።

የሞተ ሰው ጣት ይታጠፋል፣ ይደርቃል፣ ይቀዘቅዛል። የቸኮለ ሰው ቀለም ቀብቶ ወረቀቱ ላይ ይጫነዋል፤ የሚወጣው እንደ ጭቃ የተጨማለቀ ነገር ነው። ማ ቶኮ መጀመሪያ "ይቅርታ ባባ፣ ጣትህን ላስቸግር" ትለዋለች። ከዚያ ጣቱን በመዳፏ ይዛ እስኪሞቅ ትጠብቃለች። በአልኮል ታብሳለች፣ ታደርቃለች። ቀለሙን ስስ አድርጋ ትቀባና ከጥፍሩ አንድ ጎን እስከ ሌላው ጎን አንድ ጊዜ ብቻ ታንከባልላለች። "አትጫን ሻምሱ፣ አንከባልል። ጣቱ ራሱ ይናገራል" ትለኝ ነበር። ስሜ ሸምሱ ነው፤ ሃያ ዓመት አስተካክዬላት አልተስተካከለም።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራት፤ ይህን ታሪክ የማወራው በእሱ ምክንያት ነው። በመሳቢያዋ ውስጥ ወፍራም ደብተር አለ። ቅጹን በጥቁር ቀለም ከመሙላቷ በፊት ቤተሰቡን "እናቱ ማን ብላ ነው የምትጠራው?" ብላ ትጠይቃለች። የነገሯትን በእርሳስ ደብተሩ ላይ ትጽፋለች፤ ከቀኑ ጋር፣ ለአንድ ሰው አንድ መስመር። ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ሳጥን የለም።

"ሕጉ ያልጠየቀውን ለምን ትጠይቂያለሽ?" አልኳት በመጀመሪያው ወር።

"ስሙን ብትጠይቃቸው ወረቀት ያወጡልሃል" አለችኝ። "እናቱን ስትጠይቃቸው መዋሸት ያፍራሉ።"

በዚያው ዓመት ከትሮይቪል ሰፈር አንድ የአገሬ ልጅ ከባለቤቱ ጋር መጣ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ልጃቸው ተወልዶ አንድ ሰዓት ኖሮ ሞቷል። አባትየው "እባካችሁ ቶሎ ጨርሱልን፤ ለአንድ ሰዓት ልጅ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?" አለ። ማ ቶኮ "ተንፍሷል?" አለችው። "ተንፍሷል።" "እንግዲያ መጀመሪያ ልደቱ ይመዘገባል፣ ከዚያ ሞቱ። ስሙ ማነው?" "ስም አላወጣንለትም" አለ አባትየው፣ ፊቱን አዙሮ። ማ ቶኮ የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጥማ "እጠብቃለሁ" አለች። ወጥተው በረንዳው ላይ ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ "ናሆም" አሉ። ደብተሯን አውጥታ ያችኑ ጥያቄ እናትየዋን ጠየቀቻት። "ገና አልጠራሁትም" አለች ሴትየዋ። ማ ቶኮም "አሁን ጥሪው" አለቻት። ሴትየዋ "ናሆሜ" አለች። ማ ቶኮ በእርሳስ ጻፈችው። እኔ ፋይል የምፈልግ መስዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ከዓመታት በኋላ ማ ቶኮ ጡረታ ስትወጣ የሥራ ቁጥሩ ለእኔ ተሰጠኝ፣ ደብተሩንም አስረከበችኝ። "ባዶ መስመር እንዳትተው" አለችኝ። ብዙ ዓመት አልተውኩም።

የተውኩት አንድ ዓርብ ነው።

ከድር ነስሩን አውቀዋለሁ። ከሥልጤ የመጣ፣ ትሮይቪል ተከራይቶ የሚኖር፣ ብርድ ልብስ በትከሻው ተሸክሞ ሎኬሽን ለሎኬሽን፣ በጥቁሮቹ ሰፈር ሁሉ እየዞረ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሶፊያ ሁለት ብርድ ልብስ ገዝታዋለች። የመኖሪያ ወረቀቱ ጊዜው አልፎበት፣ ዛሬ ነገ እያለ ሳያሳድስ ቀርቶ፣ በመጨረሻ ራሱ ወረቀቱ ጠፍቶበታል። ኩላሊቱን ሲታመም ሆስፒታል ካርድ ለማውጣት ወረቀት አስፈለገው። አይቮሪ ፓርክ ሱቅ ያለው የአክስቱ ልጅ ሰፋ የራሱን ወረቀት ኮፒ ሰጠው። ፎቶው በኮፒ ብዛት ጠቁሮ ማንንም ይመስላል። እኛ ዘንድ ይህ እንደ ነውር አይታይም፤ ጃኬት እንደ ማዋስ ነው። ከድር በሰፋ ስም ታከመ፣ በሰፋ ስም ተኛ፣ ዓርብ ጠዋት ሞተ። ሐኪሙም የሞት ማስታወቂያውን በሰፋ ሁሴን ስም ሞላው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቢሮዬ በሰው ተሞላ። በእኛ ሃይማኖት ጀናዛ አይቆይም። ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ለዐስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት መድረስ አለበት። መቃብሩ ተቆፍሯል። ቅጹን ሳነብ የሰፋን ስም አየሁ። ቀና ስል ሰፋ ራሱ ከፊቴ ቆሞ ያለቅሳል።

"ይሄ ያንተ ስም ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ሐኪሙ ጋ ተመልሶ መታረም አለበት።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጄን ያዘኝ። "ጋሽ ሸምሱ፣ ሐኪሙ ወጥቷል፤ ሰኞ ነው የሚመለሰው። ሰኞ ድረስ ወንድማችንን ፍሪጅ ውስጥ እናሳድረው? አላህ ስሙን ያውቀዋል። በወረቀቱ ይሁን።"

አላህ እንደሚያውቀው እኔም አምናለሁ። የሥልጤ ፍርድ ቤት እንደማያውቀው ግን በዚያች ሰዓት አላሰብኩም። ሰዓቱን አየሁ። ሁሉም እኔን ያያል። የማውቀውን ሰው በሌላ ሰው ስም አስመዘገብኩ፣ ማንነቱን አረጋግጫለሁ ብዬ ፈረምኩ። ያችን ጥያቄ አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ ኖሮ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። የደብተሩን መስመር ባዶ ትቼ መሳቢያውን ዘጋሁ።

አሻራውን ግን በደንብ አነሳሁ። ለዚህ ራሴን አላመሰግንም፤ እጄ ሌላ አያውቅም ነበር። "ይቅርታ ወንድሜ" ብዬ ጣቱን በመዳፌ አሞቅኩ፣ አንድ ጊዜ አንከባለልኩ። ከዐስር በፊት አፈር አለበስነው። ሰው ሁሉ "አላህ ይስጥህ" እያለኝ ሄደ፤ እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ በሰላም ተኛሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ መልቀም የጀመርኩት ከአራት ወር በኋላ ነው። ሰፋ ሱቁን ዘግቶ ከአይቮሪ ፓርክ መጣና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

"ጋሼ፣ ሞተሃል አሉኝ።"

"እነማን?"

"ሆም አፌይርስ። ወረቀቴን ላሳድስ ሄጄ፣ ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ኮምፒውተሩን አየች። 'ሰር፣ ዩ ፓስድ አዌይ' አለችኝ። ሶሪም ብላኛለች።" ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። "ልጆቼን በምን ትምህርት ቤት አስገባለሁ? ፖሊስ ቢይዘኝ ማን ነኝ ልበል?"

በዚያው ሳምንት ከሥልጤ ስልክ ተደወለ። የከድር ባለቤት ሩቂያ ናት። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፤ አልተቆጣችም፣ ያ ነው አንጀቴን የበላው። ቤቱንና የእርሻ መሬቱን በሦስት ልጆቿ ስም ለማዞር ፍርድ ቤት ቀርባ ነበር። የላክንላትን የሞት የምስክር ወረቀት አስተርጉማ ሰጠች። ዳኛው አንብበው "የሞተው ሰፋ ሁሴን ነው። ባልሽ ከድር ነስሩ ነው። ይህ የሚለው ሌላ ሰው ነው" አሏት። የከድር ወንድም ደግሞ ወንድሜ እስኪመጣ መሬቱን እኔ እይዛለሁ ብሎ ተነስቷል።

"ይሄንንስ ልቻለው ጋሼ" አለችኝ። "ሰፈሩ ግን 'አልሞተም፣ እዚያ ሌላ አግብቶ ነው የጠፋው' ይላል። ትልቁ ልጄ 'አባዬ ካልሞተ ለምን አይደውልም?' ይለኛል። ምን ልበለው?"

እኔ እስከ ሰኞ ላለመጠበቅ ብዬ ሰፋን ገደልኩ፣ ከድርን ከመቃብር አውጥቼ ከሃዲ ባል አደረግኩት።

ለሐጂ ነገርኩት። በሩን ዘጋና ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አደረገ። "ስማኝ ሻምሱ፣ መዝገብ ይታረማል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ግን መሐላ ይፈልጋል። አላወቅኩም በል። ሆስፒታሉ የሰጠኝን ስም ነው የጻፍኩት በል። ማን ያውቃል? አውቄ ነው ካልክ ወንጀል ነው። ቁጥርህ ይሄዳል።"

ምክሩ ከፍቅር ነው፤ ሊከተሉትም ቀላል ነበር። ችግሩ፣ አላወቅኩም ካልኩ ከድር መሆኑን የሚመሰክረው ሌላ ማነው? ሰፋ እንዳይባል፣ ወረቀት ያዋሰ ሰው ቃል ብቻውን አያስተማምንም። ሁለት ቀን አልበላሁም። በሦስተኛው ታክሲ ተሳፍሬ ሶዌቶ ማ ቶኮ ቤት ሄድኩ።

በሯ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰዓት ማየቴን ሳይቀር። "ሃይቦ" አለች፣ ዙሉዎች ጆሯቸውን ማመን ሲያቅታቸው እንደሚሉት። ከዚያ ወደ ባቄላዋ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እናቱ ማን ብላ ነው የምትጠራው?" አለችኝ በመጨረሻ።

"አላውቅም። አልጠየቅኩም።"

"አሻራውንስ እንዴት አነሳህ?"

"እንዳስተማርሽኝ።"

መነጽሯን አድርጋ አየችኝ። "እንግዲያ ግማሹን ነው ያበላሸኸው። ሂድና ግማሹን አስተካክል። ስትመለስ ባቄላ ትወስዳለህ።"

በማግሥቱ ሰፋን አስከትዬ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁና ማልኩ፦ ሟቹን አውቀዋለሁ፣ ስሙ ከድር ነስሩ መሆኑን እያወቅኩ በሌላ ስም አስመዝግቤያለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በእጄ ጻፍኳት፤ ከጽሕፈቴ ሁሉ አስቀያሚዋ እሷ ናት። ሆም አፌይርስ የተቀበለችን ሴትዮ ሁለቴ አነበበችውና "ይህን ማንም አላስገደደህም?" አለችኝ። "የለም" አልኩ። "ለምን?" አለች። "ሦስት ልጆች አባታቸው እንደሞተ አያውቁም" አልኳት። አሻራው ያለበትን ቅጽ ብርሃን ላይ አንስታ አየችው። "ጥሩ አሻራ ነው" አለች። እንደዚያን ቀን በምስጋና አፍሬ አላውቅም።

ጣቱ ተናገረ። ከሰፋ ጣት ጋር ሲያስተያዩት ሌላ ሰው ሆነ። ከድር ደግሞ መጀመሪያ ወደዚህ አገር ሲገባ በገዛ ስሙ አመልክቶ፣ አሻራውንም ሰጥቶ ነበር። ወረቀቱ ቢጠፋበትም መዝገቡ አልጠፋም። አሻራው ከዚያ ጋር ገጠመ። ይህ ሁሉ ግን እንዳወራሁት በአንድ ትንፋሽ አልሆነም፤ አሥራ አንድ ወር ፈጅቷል። እኔንም ዳኛ ፊት አቅርበው በማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ፣ ቁጥሬን ለአንድ ዓመት ያዙት። ሐጂ አላባረረኝም። በትልቁ ድምፁ ጮሆብኝ ሲያበቃ የማጠቢያውን ቤት ቁልፍ ወረወረልኝ።

ያን ዓመት ቀን ቀን ጀናዛ እያጠብኩ፣ እሑድ እሑድ ከሰፋ ጋር ወረቀት አትዋሱ እያልኩ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ሶዌቶም አይቮሪ ፓርክም ሄድን። ሰፋ "የሞትኩት እኔ ነኝ" ብሎ ሲጀምር ሰው ሁሉ ጆሮውን ይሰጣል፤ እንደሱ ያለ ሰባኪ አላየሁም። የትሮይቪሉ ዕድራችንም ደንቡን ቀየረ። ዛሬ አዲስ አባል ሲገባ እናት አባት ያወጡለትን ስሙንና የእናቱን ወይም የቅርብ ዘመዱን ስልክ ያስመዘግባል። ወረቀት ማዋስ ቀረ አልልም፤ ከዚያ ወዲህ ግን በተዋሰ ስም የቀበርነው ሰው የለም። ሐኪም ዘንድ ቅጹ ሲሳሳት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው "ይታረም፣ እንጠብቃለን" ይሉኝ ነበር። መጠበቅ እንደሚቻል የተማርነው በከድር ነው።

የታረመው የምስክር ወረቀት የመጣ ቀን ለሩቂያ ደወልኩ። ኦሪጅናሉን በሰው እንደምልክ ነግሬያት ነበር፣ እሷ ግን "አሁን አንብብልኝ" አለች። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ መስመር በመስመር አነበብኩ። ስም፣ ከድር። የአባት ስም፣ ነስሩ። ከስልኩ ወዲያ ሩቂያ በሥልጢኛ ለሌላ ሰው ትደግመዋለች። ትልቁ ልጅ መስሎኝ "ልጁ ነው?" አልኳት።

"እናቱ ናት" አለችኝ። "ከከድር እናት ጋር ነው ያለሁት። ደግመህ አንብብልን ትላለች።"

ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜም አነበብኩ። ከዚያ መሳቢያውን ስቤ የማ ቶኮን ደብተር አወጣሁ። ዓርቡን ፈልጌ ባዶውን መስመር አገኘሁት።

"እማማን አንድ ነገር ልጠይቃቸው" አልኩ። "እርስዎ ማን ብለው ነበር የሚጠሩት?"

ሩቂያ ተረጎመችላቸው። አሮጊቷ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ በመካከል ድምፃቸው ተቆረጠ፣ ቀጠለ።

"ሲወለድ አላለቀሰም ትላለች" አለች ሩቂያ። "ድምፅም ትንፋሽም አጥቶ ቆየ። አዋላጇ ገልብጣ ጀርባውን እየመታች 'አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ይመጣል' አለቻት። መጣም። ከዚያ ወዲህ ከድር ብላ ጠርታው አታውቅም። አብሽር ነው የምትለው።"

እርሳሴን ቀረጽኩ፤ ባዶው መስመር ላይም "አብሽር" ብዬ ጻፍኩ።